የሆስፒታል ቆይታ ማጠርና የማገገሚያ ጊዜ፦ ከክብደት መቀነሻ ቀዶ ሕክምና በኋላ ያሉት የመጀመሪያ ሳምንታት

መግቢያ

በአሜሪካ የአዮዋ ዩኒቨርሲቲ ቀዶ ሐኪም ኤድዋርድ ሜሰን በ1966 እ.ኤ.አ. ጋስትሪክ ባይፓስ የተባለውን ቀዶ ሕክምና ሲጀምሩ፣ የታካሚው ሆድ በረዥም ቁስል ይከፈት ነበር፤ ታካሚውም ለብዙ ቀናት በሆስፒታል ይቆይ ነበር። ዛሬ ይኸው ሕክምና፣ እንዲሁም ከጨጓራ ሦስት አራተኛውን ያህል ቆርጦ የሚያስወግደው ስሊቭ ጋስትሬክቶሚ፣ በአብዛኛው በትንንሽ ቀዳዳዎች በላፓሮስኮፒ ይከናወናል። ብዙዎች ታካሚዎች አንድ ወይም ሁለት ሌሊት አድረው ወደ ቤታቸው ይመለሳሉ። ይህ ጽሑፍ የቆይታው ማጠር ለታካሚው ምን ትርጉም እንዳለው ይመረምራል። የውስጥ ቁስል የሚድንበት ጊዜ እንደ ሆስፒታል ቆይታው አላጠረም፤ ስለሆነም ቀድሞ የነርስ ድርሻ የነበረው ክትትል ወደ ታካሚውና ወደ ቤተሰቡ ተላልፏል።

ቆይታው ያጠረበት ምክንያት

የመጀመሪያው ምክንያት የላፓሮስኮፒ መስፋፋት ነው። ሁለተኛው ዴንማርካዊው ቀዶ ሐኪም ሄንሪክ ኬህሌት በ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. ያስፋፉት የተፋጠነ ማገገሚያ ሥርዓት ነው። በዚህ ሥርዓት ታካሚው ማደንዘዣ ከመውሰዱ ሁለት ሰዓት በፊት ድረስ ጥሩ ፈሳሽ ሊጠጣ ይችላል፤ ሕመሙ የሚታገሠው ኦፒየም ነክ መድኃኒቶችን በመቀነስና ሌሎች ማስታገሻዎችን በማቀናጀት ነው፤ በቀዶ ሕክምናው ዕለትም ከአልጋው ተነሥቶ ይራመዳል፤ ውኃም በጥቂት በጥቂቱ ይጎነጫል። ቶሎ መራመድ በእግር ደም ሥር ውስጥ ደም እንዳይረጋ፣ ሳንባም በሚገባ እንዲሠራ ይረዳል። ታካሚው በቂ ፈሳሽ መጠጣት ሲችል፣ ሕመሙ በሚዋጥ መድኃኒት ሲታገሥ፣ የልብ ምቱና የሰውነት ሙቀቱ ሲረጋጋ ለመሰናበት ብቁ ይሆናል።

ከስንብት በኋላ የሚገጥሙ አደጋዎች

በአሜሪካ በአሥር የሕክምና ማዕከላት 4,776 ታካሚዎችን ያካተተና በ2009 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት እንዳሳየው፣ በ30 ቀናት ውስጥ የሞት መጠኑ 0.3 በመቶ ገደማ ሲሆን፣ ከባድ ችግር የገጠማቸው ደግሞ 4.3 በመቶ ነበሩ። አደጋው አነስተኛ ነው፤ ሆኖም ከፊሉ የሚከሠተው ታካሚው ቤቱ ከገባ በኋላ ነው።

አንደኛው ጨጓራው ከተሰፋበት መስመር ፈሳሽ ወደ ሆድ ዕቃ መፍሰሱ ነው። ይህ ችግር ከቀናት፣ አንዳንዴም ከሳምንታት በኋላ ሊታይ ይችላል። ወፍራም በሆነ ሰው ላይ የሆድ ምርመራ ብዙም ላይናገር ስለሚችል፣ በደቂቃ ከ120 በላይ ሆኖ የማይወርድ የልብ ምት ብቻውን እንደ ማስጠንቀቂያ ይቆጠራል። ሁለተኛው ወደ ሳንባ የሚሄድ የረጋ ደም ሲሆን፣ ድንገተኛ የትንፋሽ ማጠርና የደረት ሕመም ምልክቶቹ ናቸው። ሦስተኛው የሰውነት ፈሳሽ ማነስ ነው፤ የጠበበ ጨጓራ ብዙ ውኃ በአንድ ጊዜ አይቀበልምና።

አራተኛው ብዙ ጊዜ የሚዘነጋው የቫይታሚን ቢ1 እጥረት ነው። ሰውነት ይህን ቫይታሚን የሚያከማቸው ለጥቂት ሳምንታት ብቻ ስለሆነ፣ ትውከት የማይቆምለት ታካሚ በቶሎ ይጎዳል። የዓይን እንቅስቃሴ መዛባት፣ የእርምጃ መንገዳገድና የአእምሮ መደናገር ይከተላሉ፤ ሕክምናው ከዘገየ ጉዳቱ ዘላቂ ሊሆን ይችላል። ቫይታሚኑ ሳይሰጥ የግሉኮስ ፈሳሽ ብቻ በደም ሥር መስጠት ሁኔታውን ሊያባብሰው ይችላል። ስለዚህ የድንገተኛ ክፍል ሐኪም የቀዶ ሕክምናውን ታሪክ ማወቁ ወሳኝ ነው።

የቤተሰብ ድርሻ

ምግብ በደረጃ ይመለሳል፦ መጀመሪያ ፈሳሽ፣ ቀጥሎ የተፈጨ፣ ከዚያ ለስላሳ፣ በመጨረሻም መደበኛ። ታካሚው በቀን ቢያንስ 60 ግራም ፕሮቲን እንዲያገኝ ይመከራል። በአማርኛ ተናጋሪ ቤተሰብ ዘንድ ግን ታማሚን ማበርታት ማለት አጥሚት ማጠጣት፣ ገንፎ ማቅረብና «አንድ ጉርሻ ብቻ» እያሉ መለመን ነው። ስኳር የበዛበት አጥሚት ጋስትሪክ ባይፓስ በተደረገለት ሰው ላይ የልብ ምት መፍጠን፣ ላብና ተቅማጥ ሊያስከትል ይችላል፤ ያለ ጊዜው የተሰጠ ጉርሻም ያስመልሳል። በጾም ወቅትም ከእንስሳት ተዋጽኦ መከልከል የፕሮቲንና የቫይታሚን ቢ12 እጥረትን ስለሚያባብስ፣ ታካሚው ከሐኪሙና ከንስሓ አባቱ ጋር አስቀድሞ መመካከር ይገባዋል።

ለሕክምናው ወደ ሌላ አገር በሚጓዙት ላይ ችግሩ ይበረታል። ቀዶ ሕክምናውን የሠራው ቡድን ሩቅ ነው፤ ረዥም የአውሮፕላን ጉዞ ደም እንዲረጋ ያጋልጣል፤ በመኖሪያ አገራቸው የሚቀበላቸው ሐኪምም የተሠራውን በዝርዝር ላያውቅ ይችላል።

ማጠቃለያ

የቆይታ ማጠር ለታካሚው ጥቅም አለው፤ ጥቅሙ የሚጸናው ግን ስንብቱ እንደ ሥራ ርክክብ ሲቆጠር ነው። ታካሚው የተደረገለትን የቀዶ ሕክምና ዓይነት፣ የሚወስዳቸውን መድኃኒቶችና አራቱን የአደጋ ምልክቶች በሚያነበው ቋንቋ የያዘ ወረቀት ሊሰጠው፣ የሚያስታምመው የቤተሰብ አባልም ከመውጣቱ በፊት አብሮ ሊመከር፣ በመጀመሪያዎቹ ቀናትም በስልክ ሊጠየቅ ይገባል። እነዚህ እርምጃዎች ብዙ ወጪ አይጠይቁም፤ የልብ ምት መፍጠኑን ወይም የትውከቱን አለመቆም በጊዜ ያስተዋለ ቤተሰብ ግን ሕይወት ሊያተርፍ ይችላል።