የከርነሉን ደጅ ስለ ማንኳኳት

ጥያቄ፦ በወልቂጤ የኮምፒውተር ሳይንስ ተማሪ ነኝ። በኤክስቪ6 ሥርዓተ ክወና ላይ የጨመርሁትን ሲስተም ኮል ከርነሉ «የማይታወቅ ጥሪ 22» እያለ ይመልሰዋል፤ ስሕተት መፈለጊያው ጂዲቢም የፕሮግራሜን መስመሮች አያሳየኝም።

መልስ፦ ምእመን ወደ ቅድስተ ቅዱሳን እንደማይዘልቅ ሁሉ፥ ተራ ፕሮግራምም ወደ ከርነሉ መግባት ስላልተፈቀደለት፥ በሪስክ-ፋይቭ ማሽን የጥሪውን ቁጥር በኤ7 ሬጂስተር አኑሮ «ኢኮል» በተባለው ትእዛዝ ይማጸናል፤ መልሱንም በኤ0 ይቀበላል። ኤምአይቲ ለማስተማሪያ ያዘጋጀው ይህ የኤክስቪ6 ሥርዓት 21 ጥሪዎች ብቻ ይዞ የሚመጣ ስለ ሆነ፥ የአንተው 22ኛ፥ ቁጥሩ ቢታወጅለትም እንኳ፥ ከጥሪዎቹ ሠንጠረዥ እስካልሰፈረ ድረስ ባዕድ ነው። ጂዲቢ ደግሞ (እርሱን መውቀስ ልማድ ሆኗል እንጂ) የተጫኑለት የከርነሉ ምልክቶች ብቻ ናቸውና፥ «ፋይል» በሚለው ትእዛዝ የራስህን ፕሮግራም ጫንለት፤ ከዚያም «ሜይን» ላይ አስቁመው። ከተጠቃሚ የመጣ ፖይንተር ሲደርስህ ግን፥ የከርነሉና የተጠቃሚው የገጽ ሠንጠረዥ የተለያየ ስለ ሆነ፥ በ«ኮፒኢን» ሳትገለብጥ ከቶ አትንካው።