የድርቆሽ ሽቦ

እንግሊዝኛ የሚናገሩ ሰዎች አንድ መኪና ሥርዐቱን ለቆ ያልታዘዘውን ሲሠራ ባዩ ጊዜ «ሄይዋየር ሄደ» ይላሉ። ሄይ ማለት ድርቆሽ ነው፤ ዋየር ማለትም ሽቦ ነው። ድርቆሽና ሽቦ ከመኪና መበላሸት ጋር ምን አገናኛቸው?

ነገሩ የመጣው ከአሜሪካ አገር ነው። በዚያ ያሉ ገበሬዎች ድርቆሻቸውን በመኪና ጨምቀው በቀጭን ሽቦ ያስሩት ነበር። እስሩ ተፈትቶ ድርቆሹ ለከብት ከተሰጠ በኋላ ሽቦው ይተርፋል። በእጅ የሚታጠፍ ስለ ሆነ፥ አጥር ቢፈርስ ወይም እጀታ ቢሰነጠቅ ሰው ሁሉ በእርሱ ያስር ነበር።

በዱር ግንድ የሚቆርጡ ሰዎችም ለፈረሶቻቸው ድርቆሽ ይወስዱ ነበርና ይህ ሽቦ አልጠፋባቸውም። ከእነርሱም አንዳንዶቹ ዕቃቸው ሲሰበር በሚገባ ማሠራትን ትተው ሁሉን በሽቦ ጠጋገኑት። እንደ አውሮጳ አቈጣጠር በ1905 ዓመት የአሜሪካ መንግሥት የደን መሥሪያ ቤት ባሳተመው የቃላት መጽሐፍ፥ ዕቃቸው የማይረባ ግንድ ቈራጮች በንቀት በድርቆሽ ሽቦ ስም እንደሚጠሩ ተጽፏል።

ንቀቱም ያለ ምክንያት አልነበረም። ታላቅ ግንድ የሚጎተትበት ሰንሰለት በቀጭን ሽቦ ቢቀጠል ለጥቂት ጊዜ ይይዛል። በቍልቍለት ላይ የተበጠሰ እንደ ሆነ ግን ግንዱ ተንከባሎ ፈረሱንም ነጂውንም ይገድላል።

ከዚያ ወዲህ ቃሉ ለተበላሸና ለተዘበራረቀ ነገር ሁሉ መጠሪያ ሆነ። በቀትር ዐሥራ ሁለት ጊዜ በመደወል ፈንታ ሠላሳ ጊዜ የሚደውል ሰዓት «ሄይዋየር ሄደ» ይባላል። ዝም ብሎ የቆመ ሰዓት ግን ቆመ ይባላል እንጂ ይህ ቃል እምብዛም አይነገርለትም። መልካም ሆኖ የታሰበ ሥራ በድንገት ሲዘበራረቅም እንዲሁ ይባላል።

ልጆች ሆይ፥ ሽቦው በደል የለበትም፤ ድርቆሽን ለማሰር ተሠርቶ ነበርና ያንን በሚገባ ፈጽሟል። በደሉ የማይችለውን ሸክም የጫነበት ሰው ነው። በመንገድ ላይ ሳሉ የተሰበረውን ለጊዜው ማሰር ብልሃት ነው፤ ቤት ከደረሱ በኋላ እንደ ታሰረ መተው ግን ስንፍና ነው። አባቶች «ሳይቃጠል በቅጠል» ያሉት ስለዚህ ነው።