ወፍ አለ!

ተስፋ የቆረጥንበትን ነገር ሁሉ የምንዘጋባት አንዲት አጭር አባባል አለችን፦ «ወፍ የለም»። ሥራ ተፈልጎ ሲታጣ ወፍ የለም። ታክሲ ተጠብቆ ሲቀር ወፍ የለም። ገንዘብ የተበደረን ሰው ስልኩን ሲዘጋብንም ወፍ የለም። ይህችን አባባል የፈጠረ ሰው ግን ማለዳ ተነሥቶ ዛፍ ሥር ቆሞ እንደማያውቅ እወራረዳለሁ። ቢቆም ኖሮ ወፍ ሞልቶለት ነበር።

ዛሬ የማወራዎት ላባና ክንፍ ስላለው ስለ እውነተኛው ወፍ ነው። ይበልጥ ደግሞ ወፍ ለማየት ብሎ ድንበር ስለ መሻገር። «የፈረንጅ ቅብጠት!» ብለው ገጹን ሊገልጡት ከሆነ ትንሽ ይታገሡኝ። እኔም እንዲያ እል ነበር። ለወፍ ብዬ ኡጋንዳ ልሄድ መሆኑን ስነግራት እናቴ «እዚህ ያለው ወፍ ምን አደረገህ?» ብላኛለች። ጥያቄዋ ልክ ነበር። መልሱን ኋላ ላይ ያገኙታል።

ቀጠሮ ያልጠበቀች ሴት

ፊቢ ስኔትሲንገር አራት ልጆች ያሳደገች አሜሪካዊት የቤት እመቤት ነበረች። የወፍ ፍቅር የያዛት እ.ኤ.አ. በ1965 ጎረቤቷ ባይኖኩላር አቀብላት አንዲት ትንሽ ደማቅ ወፍ ባየችበት ዕለት ነው። በ1981 ሐኪሞች አደገኛ የቆዳ ካንሰር እንዳለባትና ዕድሜዋ ከአንድ ዓመት እንደማይዘል ነገሯት። አልጋ ላይ ከመዋል ይልቅ ሻንጣዋን ይዛ ወደ አላስካ ለወፍ ሄደች። ከዚያም አላቆመች። በ1999 ማዳጋስካር ውስጥ በመኪና አደጋ ስታርፍ ከ8 ሺህ በላይ የወፍ ዝርያዎች አይታ ነበር። እሷ በኖረችበት ዘመን ያን ያህል ያየ ሌላ ሰው አልነበረም።

ስለ እሷ ሲወራ ሁሉም ድፍረቷን ያነሣል። እኔን ግን ይበልጥ የሚገርመኝ ትጋቷ ነው። ወደ አንድ አገር ከመብረሯ በፊት የዚያን አገር ወፎች አጥብቃ ታጠና፣ ማስታወሻ ትጽፍ፣ ልዩነታቸውን ትለይ ነበር። አውሮፕላን ላይ የምትወጣው ጉዞውን ቤቷ ጠረጴዛ ላይ ጨርሳ ነው ማለት ይቻላል።

የዛሬው መልእክቴም ይኸው ነው። ምኞት ብቻውን የትም አያደርስም። ቀን የተቆረጠለት፣ ዋጋው የታወቀና ልምምዱ የተጀመረ ምኞት ግን ከወዲሁ ግማሽ መንገድ ሄዷል።

ለምን ኡጋንዳ?

ለመጀመሪያ ጉዞ ቅርብ፣ በወፍ የበለጸገና ልምድ ያላቸው አስጎብኚዎች ያሉበት አገር ይምረጡ። እኔ ኡጋንዳን መረጥኩ። ከአዲስ አበባ እስከ ኡጋንዳዋ እንቴቤ ከተማ በአውሮፕላን ሁለት ሰዓት ገደማ ነው። አገሪቱ በስፋት የእኛን አንድ አምስተኛ ብዙም አትበልጥም፤ ሆኖም ከ1 ሺህ በላይ የወፍ ዝርያዎች ይገኙባታል። ይህን ያህል ወፍ የሰበሰበላት አቀማመጧ ነው። የምሥራቅ አፍሪካ የሣር ሜዳና የኮንጎ ተፋሰስ ጥቅጥቅ ደን የሚገናኙት እዚያ ነው። በዚያ ላይ ቪክቶሪያ ሐይቅ፣ ረግረጉና ከ5 ሺህ ሜትር በላይ ከፍታ ያለው ሩዌንዞሪ ተራራ አሉ። ወፍን እንዲህ የሚያከብር አገርም ጥቂት ነው፤ ባለ ዘውዷ ክሬን የተባለችው ወፍ በሰንደቅ ዓላማቸው መካከል ቆማለች።

ለእኛ የሚመች ሌላም ነገር አላት። በሉጋንዳ ቋንቋ ሰዓት የሚቆጠረው እንደ እኛው ከንጋት ጀምሮ ነው። እኛ ጠዋት «አንድ ሰዓት» ስንል እነሱም በቋንቋቸው አንድ ሰዓት ይላሉ፤ ሰዓትን የሚጠሩበት ቃል ራሱ «ሳዋ» ነው። ፈረንጁ ስድስት ሲደምርና ሲቀንስ እርስዎ ከሾፌሩ ጋር ቀጠሮ ይዘው ጨርሰዋል።

አንደኛ፦ ቀን ይቁረጡ

«አንድ ቀን እሄዳለሁ» የሚባለው ቀን በየትኛውም ካላንደር ላይ የለም። ወሩን ይጻፉ። ኡጋንዳ በአብዛኛው ሁለት የዝናብ ወቅቶች አሏት፤ አንዱ ከመጋቢት እስከ ግንቦት፣ ሌላው ከመስከረም እስከ ኅዳር። ደረቅ የሚባሉት ከሰኔ እስከ ነሐሴና ከታኅሣሥ እስከ የካቲት ያሉት ናቸው። ልብ ይበሉ፤ እኛ በሐምሌ ጨለማ ጃንጥላ ይዘን ስንሮጥ ደቡብ ምዕራቡ ኡጋንዳ ፀሐይ ነው። ልጆች ትምህርት ያቆሙበት፣ ብዙ ሰውም ፈቃድ የሚወጣበት ወር ነውና ይጠቀሙበት።

ሁለተኛ፦ ዝርዝሩን ያሳጥሩ

ጀማሪን የሚያደክመው ሁሉንም ማየት መፈለጉ ነው። የሺህ ወፍ ዝርዝር ይዞ የሄደ ሰው ያላየውን ሲቆጥር ያየውን ሳያጣጥም ይመለሳል። አሥር ይምረጡ። መልካቸውን፣ ድምፃቸውንና መኖሪያቸውን ያጥኑ። የእኔ አሥር ውስጥ ታላቁ ሰማያዊ ቱራኮ ነበር። ርዝመቱ 75 ሴንቲ ሜትር የሚደርስ ሲሆን ከቱራኮ ዘሮች ትልቁ ነው። ሐይቁ ዳር ባለው የእንቴቤ የዕፅዋት መናፈሻ በመጀመሪያው ጠዋት አገኘሁት። የሙዝ ቅጠል በሚያህል ጅራቱ ከዛፍ ዛፍ ሲዘል «ይህ እውነት ወፍ ነው?» ብዬ ጮክ ብዬ ጠይቄያለሁ።

ቦታም እንዲሁ ነው። ለሰባት ቀን ጉዞ ሁለት ወይም ሦስት ቦታ ይበቃል። እንቴቤና አጠገቧ ያለው የማባምባ ረግረግ፣ ቀጥሎ የኪባሌ ደንና ጎኑ ያለው ቢጎዲ ረግረግ። አቅምና ጊዜ ካለ ደግሞ ብዊንዲ፤ ወደ 350 የሚጠጉ የወፍ ዝርያዎች ያሉበት ተራራማ ደን ነው። ብዊንዲ ግን ከካምፓላ የሙሉ ቀን መንገድ ነው። በመኪና መስኮት የሚታይ ወፍ ያልፋል እንጂ አይታወቅምና ኪሎ ሜትር አይቁጠሩ።

ሦስተኛ፦ ቤትዎ ይለማመዱ

የእናቴ ጥያቄ መልስ እዚህ ላይ ነው። እዚህ ያለው ወፍ ያስተምራል። ከጉዞዬ በፊት ለሦስት ወር ያህል በየቅዳሜው እንጦጦ ወጣሁ። የመጀመሪያ ትምህርቴ ስለ ባይኖኩላር ነበር። ባይኖኩላር ላይ «8 በ42» ተብሎ ሲጻፍ የፊተኛው ቁጥር ስንት እጥፍ እንደሚያጎላ፣ የኋለኛው የፊት መስታወቱ ስፋት ስንት ሚሊ ሜትር እንደሆነ ይናገራል። መስታወቱ ሲሰፋ ብርሃን ይበዛል፤ ለጨለማ ጫካ ደግሞ ብርሃን ያስፈልጋል። እኔ «የበለጠ ካጎላ የበለጠ ጥሩ ነው» ብዬ 12 እጥፍ የሚያጎላ ገዛሁ። እጄ በተንቀጠቀጠ ቁጥር ወፉም ቅርንጫፉም አብረው ይደንሱ ነበር። ለጀማሪ 8 በ42 ይበቃል።

አያያዙም ጥበብ አለው። ወፉን መጀመሪያ በባዶ ዓይን ይያዙት። ከዚያ ዓይንዎን ሳይነቅሉ፣ አንገትዎን ሳያጎነብሱ ባይኖኩላሩን ብቻ ወደ ዓይንዎ ያምጡት። ቀላል ይመስላል፤ እኔ ግን ለሁለት ቅዳሜ ያየሁት ሰማይና ቅጠል ብቻ ነበር። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል ሲባል እንቁላሉ የእኔ እንደሆነ የገባኝ ያኔ ነው።

እንጦጦ ሌላም ነገር አሳየችኝ። ማጅራቱ ላይ ነጭ ምልክት ያለው፣ መንቁሩ ወፍራም የሆነው ትልቁ ቁራችን ከአፍሪካ ቀንድ ውጭ አይኖርም። እሱን ለማየት ከሩቅ አገር ቲኬት ቆርጠው የሚመጡ ሰዎች አሉ፤ እኛ «እሽ!» ብለን እናባርረዋለን። ሩቅ ለመሄድ የተዘጋጀ ዓይን ቅርቡን ማየት ይጀምራል። ከጉዞው በፊት ያገኘሁት ትርፍ ይህ ነው።

ጆሮዎንም ያሠልጥኑ። ወፍ እንዳገሩ ይጮኻል፤ ጥቅጥቅ ባለ ደን ውስጥ ደግሞ ወፍ ከመታየቱ በፊት ይሰማል። የኮርኔል ዩኒቨርሲቲ የወፍ ጥናት ተቋም ያዘጋጀው ሜርሊን የተባለው መተግበሪያ በነፃ ይገኛል። ምሽት ላይ አሥሩን ወፎችዎን እየደጋገሙ ያዳምጡ።

አራተኛ፦ የወፍ ዕቁብ ይጣሉ

«ገንዘቡስ?» ይሉኛል። ወጪውን በወረቀት ላይ ይዘርዝሩት፦ ቲኬት፣ መኪናና ሾፌር፣ አስጎብኚ፣ ማደሪያ፣ የፓርክ መግቢያ። የተጻፈ ወጪ ከታሰበ ወጪ ይልቅ አያስፈራም። መኪናው፣ ሾፌሩና አስጎብኚው ለአንድ ሰውም ለአራት ሰውም ያው ናቸው፤ ስለዚህ አራት ሆኖ መሄድ ዋጋውን ይሰብረዋል። እኛ አራት ጓደኛሞች የወር ዕቁብ ጥለን ነው የሄድነው። ሌላው ዕቁቡን ለሶፋ ሲያወጣ የእኛ ለክንፍ ወጣ።

ብዙ ሰው ኡጋንዳ ሲባል ጎሪላን ያስባል። ለውጭ ጎብኚ ጎሪላ የማየት ፈቃድ በብዙ መቶ ዶላር የሚቆጠር ነው። ወፍ ለማየት ግን ይህ ፈቃድ አያስፈልግም። ለሌላ ሰው ሕልም አይክፈሉ፤ የመጡበትን ይወቁ።

አምስተኛ፦ ጤናና ሰነድ

የቢጫ ወባ ክትባት ካርድ ሲገቡ ይጠየቃሉ፤ ክትባቱን ከጉዞው ቢያንስ አሥር ቀን ቀድመው ይውሰዱ። ወባ በመላ አገሪቱ አለና ስለ መከላከያ መድኃኒት ሐኪም ያማክሩ። የቪዛ ሁኔታን ከኤምባሲው ያረጋግጡ። ለልብስ አረንጓዴና ቡናማ ይምረጡ፤ የወታደር መለዮ የሚመስል ዥንጉርጉር ልብስ ግን በፍጹም አይያዙ፤ በኡጋንዳ ሲቪል ሰው እንዲለብሰው ሕግ አይፈቅድም።

የማባምባ ጠዋት

ከጎህ በፊት ተነሥተን ረግረጉ ዳር ስንደርስ ጭጋጉ ገና አልተነሣም። በጠባብ የእንጨት ጀልባ ተሳፈርን። ግራና ቀኝ የጣና ታንኳ የሚሠራበት ያው ደንገል ግድግዳ ሆኖ ቆሟል። ቀዛፊው መቅዘፊያውን ትቶ በረጅም እንጨት ይገፋል። ማንም አይናገርም።

የምንፈልገው ሹቢል የተባለውን ወፍ ነበር። መንቁሩ የእንጨት ጫማ ይመስላል። ቁመቱ የአሥር ዓመት ልጅ ሊያህል ይችላል። ምግቡ በአብዛኛው ሳንባ ያለው ዓሣ ነው፤ ይህ ዓሣ አየር ለመሳብ ወደ ላይ ብቅ ማለት ግድ ይለዋል፤ ሹቢል ያችን ቅጽበት እየጠበቀ እንደ ሐውልት ይቆማል። ከአንድ ሰዓት ፍለጋ በኋላ አስጎብኚያችን እጁን ዘረጋ። እኔ ግራጫ ጉቶ ብቻ አየሁ። ጉቶው ዓይኑን ጨፈነ፤ ገለጠም።

አስጎብኚው በዝግታ የነገረን ታሪክ ግን ከወፉ እኩል አብሮኝ አለ። በድሮ ጊዜ የማባምባ ዓሣ አጥማጆች ሹቢልን ገደ ቢስ ይሉት ነበር። እሱን ያየ ሰው መረቡ ባዶ ይመለሳል ተብሎ ስለሚታመን ባገኙት ጊዜ ይገድሉት ነበር። ዛሬ ከእነዚያው መንደሮች የወጡ ሰዎች ሹቢልን ለእንግዳ እያሳዩ ልጅ ያስተምራሉ፤ ወፉንም ይጠብቃሉ። ወፉ ያው ወፍ ነው፤ ረግረጉም ያው ረግረግ። የተለወጠው የሚያዩበት ዓይን ነው። ለዚህም ነው የአካባቢውን አስጎብኚ ይቅጠሩ የምለው። እሱ እርስዎ ጉቶ ያዩበት ቦታ ላይ ወፉን ያያል፤ የሚከፍሉት ገንዘብም ወፉ በሕይወት እንዲቆይ ያደርጋል።

በሰባት ቀን ከአሥሩ ወፎቼ ሰባቱን አየሁ። ሦስቱ ቀርተዋል። ስመለስ እናቴ «ታዲያ ወፉ አለ?» አለችኝ። «አለ» አልኳት። በማግሥቱ ጠዋት በረንዳ ላይ ቁጭ ብላ ባይኖኩላሬን ወደ ጎረቤት ዛፍ አዙራ አገኘኋት።

እርስዎም ነገ ማለዳ 12 ሰዓት ላይ፣ ስልክዎን ሳይከፍቱ፣ ደጅ ይውጡ። አሥር ደቂቃ ብቻ ይቁሙ። መጀመሪያ ያዩትን ወፍ በደብተር ላይ «1» ብለው ይጻፉ፤ ስሙን ባያውቁት ቀለሙን ይጻፉ። ከሥሩ የሚሄዱበትን ወር ያስፍሩ። ጉዞው ተጀምሯል፤ ወፍ አለ።