ሽርጥ ለብሶ መሮጥ እና የወንድ ዐውራ

ከሱብሒ ሶላት በኋላ ልንሮጥ ስንወጣ አንድ ወንድማችን ሽርጥ ለብሶ መጣ። «ለሩጫ ነው ለእንቅልፍ?» ብለን ሳቅንበት። እሱ ከሥር እስከ ባት የሚደርስ ሱሪ ነበረው፤ የእኛ ቁምጣ ግን ጭናችንን ያሳይ ነበር።

አብዛኞቹ ዑለማዎች የወንድ ዐውራ ከእምብርት እስከ ጉልበት ነው ይላሉ። ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) ሽርጥ መሰሉን ኢዛር ይለብሱ ነበር። በስኮትላንድም ጉልበት የሚደርስ፣ ከኋላ የተሸነሸነ ኪልት ለብሰው ረጅም ርቀት የሚሮጡ ወንዶች አሉ። ሽንሽኑ እርምጃን አያስርም፤ ነፋስ ሲነሳ ግን ይገለባል።

ስለዚህ የሁሉም ሚዛን አንድ ነው፦ ስንቆም ብቻ ሳይሆን ስንሮጥም ይሸፍናል ወይ? ካልሸፈነ ከሥሩ ጉልበት የሚያልፍ ሰፋ ያለ ሱሪ ይጨመርበት።

ወንድማችንን ዐፍው ጠይቀናል፤ ቁምጣችንንም ቀይረናል።