ማንጎውን አውርጂው

ተይ፣ ችግኙን ከግንዱ ይዘሽ አታንሺው! አንገቱን አንቀሽ ስታነሺው አፈሩ ይረግፋል፤ ሰው ደግሞ የሚገዛሽ ሥሩን ነው። መዳፍሽን ከፕላስቲኩ ሥር አስገቢና እንደ ሕፃን ታቀፊው። እንደዚህ፣ ጎበዝ።

ይኼ አፈር ግን ዋልካ ብቻ ነው፣ አይደል? ሩዝ ይወደዋል፤ ውሃ አቁሮ ያኖርለታል። ፕላስቲክ ውስጥ ግን ሲረጥብ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይሰነጠቅና ቀጫጭኑን ሥር ይበጥሰዋል፤ ሲጫን ደግሞ እንደ ድንጋይ ነው። ለከርሞው ሦስት እጅ አፈር፣ ሁለት እጅ በደንብ የበሰበሰ ፍግ፣ አንድ እጅ አሸዋ ቀላቅይ። አሸዋው ከርብ ወይም ከጉማራ የሚመጣው ይበቃሻል። እዚህ ወረታ ሩዝ መፈልፈያው ደጃፍ የሚከመረውን ገለፈት አይተሽዋል? ከብስባሹ ጋር አክርመሽ ጨምሪበት፤ አፈሩን ያቀልልሻል፣ ውሃም አያስቆምበትም።

ይኼኛው ለምን ጠወለገ መሰለሽ? ሥሩ ፕላስቲኩን በስቶ መሬት ገብቶ ነበር፤ ዛሬ ጎትተሽ በጠስሽው። በየሁለት ሦስት ሳምንቱ ከቦታው እያነሳሽ አቀያይሪው፤ የወጣውን ሥር በመቀስ ቁረጪ። ገበያ ሊወጣ ወር ሲቀረው ጥላውን በጥቂት በጥቂቱ አንሺለት፣ ውሃውንም ቀንሺ፤ ፀሐይ የለመደ ችግኝ መንገድ ይችላል። ደግሞ ማታ ነው የሚጠጣው። አሁን ውሃ ካፈሰስሽበት ይከብድና እጅሽ ላይ ይፈርሳል።

እኔ የመጀመሪያው ዓመት ጉዴን ለማንም አልነገርኩም፤ አንቺ ስሚ። የፓፓያ ችግኝ ፒካፕ ላይ ደርድሬ፣ ምንም ሳልሸፍን፣ በቀትር ወደ ባሕር ዳር ገሰገስኩ። ስደርስ ቅጠሉ የተቀቀለ ጎመን መስሏል። ፀሐዩን ስረግም ዋልኩ፤ ያደረቀው ግን የመኪናው ነፋስ ነበር። ስለዚህ ጎህ ሲቀድ ነው የሚጫነው። ሣጥን ውስጥ አቁመሽ አጠጋግተሽ ደርድሪ፤ ክፍተቱን በሩዝ ገለባ ሙዪው፣ እንዳይንገዳገድ። በላይ በላዩ አትደራርቢ። ጆንያ አርጥበሽ ሸፍኚው፤ እንጨት አቁመሽ ከፍ አድርጊው እንጂ ቅጠሉ ላይ አይረፍበት።

ለመሆኑ ወዴት ነው የምትወስጂው? ደብረ ታቦር? እንግዲያው ማንጎውን አውርጂው። ወረታ ከባሕር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ናት፤ ደብረ ታቦር 2,700 ገደማ። መንገዱ አጭር ነው፣ ብርዱ ግን ሌላ አገር ነው። ማንጎ እዚያ አይሆንለትም። ዛሬ ይገዙሻል፤ ገንዘቡንም ትቆጥሪያለሽ፤ ከርሞ ግን ከዚያ ገበያ አንድ ሰው ቀና ብሎ አያይሽም። ለደጋው ጌሾውን ጫኚ። ማንጎና አቮካዶው የባሕር ዳር መንገድ ይሁን።

እዚሁ ለፎገራ ሰው አቮካዶ ስትሸጪም አፍሽን አትያዢ። ክረምት ላይ ርብና ጉማራ ሞልተው ሜዳው ላይ ሲተኙ ታውቂያለሽ፤ አቮካዶ እግሩ ውሃ ውስጥ ከቆየ ሥሩ ይበሰብሳል። ውሃ ከሚተኛበት አርቃችሁ፣ አፈሩን ጉብ አድርጋችሁ ትከሉ በያቸው። የሚተክልበት ቦታ ረግረግ ብቻ ነው ካለሽ አትሽጪለት። አዎ፣ አትሽጪለት።

እስቲ ያንን ማንጎ ገልብጪው፤ ቅጠሉን ማለቴ ነው። ነጭ ነጠብጣብ ካየሽበት ነጥለሽ አስቀሪው። ይኼ ነጭ ተባይ በአገራችን መጀመሪያ የታየው በ2002 ዓ.ም. ምሥራቅ ወለጋ ነው፤ ራሱን ችሎ ሩቅ አይሄድም፣ ችግኝ ላይ ተሳፍሮ ነው አገር የሚያዳርሰው። በአይሱዙ ከፍለሽ አታጓጉዢው።

ይኸው መኪናው መጣ። ጌሾውን አቀብዪኝ፤ ማንጎው ለባሕር ዳር ይቆይ።