የናካዋ ገበያና በስልክ የሚከፈተው ሱቅ

ሀ. ምንባብ

የኡጋንዳ ዋና ከተማ ካምፓላ በአምስት ክፍሎች የተከፈለች ስትሆን፣ በምሥራቅ በኩል ያለው ክፍል ናካዋ ይባላል። ወደ ጂንጃ በሚወስደው አውራ ጎዳና ዳር በዚሁ ስም የሚጠራ ሰፊ ገበያ አለ። ማቶኬ የሚባለው የሚቀቀል ሙዝ፣ ቲማቲም፣ ባቄላ፣ ልብስ፣ ምን የማይሸጥ አለ! የብዙዎቹ ነጋዴዎች ሀብት አንድ መደብና የዕለት ሸቀጥ ነው፤ ኑሯቸውም እንደ ኢትዮጵያ የጉልት ቸርቻሪዎች ሁሉ በአላፊ አግዳሚው ላይ የተመሠረተ ነው።

እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2020 የኮሮና ወረርሽኝ በተዛመተ ጊዜ ግን አላፊ አግዳሚው ከመንገድ ጠፋ። መንግሥት የሕዝብ ማመላለሻዎችን አገደ፤ ምግብ የሚሸጡ ነጋዴዎችም ከቤታቸው እየተመላለሱ በሽታውን እንዳያዛምቱ በየገበያቸው እንዲያድሩ አዘዘ። ሻጩ ከመደቡ አጠገብ አድሮ ሲነሣ፣ ገዢው ከደጁ መውጣት አልቻለም። በዚያው ዓመት በግንቦት ወር የተባበሩት መንግሥታት የልማት ፕሮግራም ጁሚያ ከተባለው የንግድ ኩባንያ ጋር በመተባበር፣ ናካዋን ጨምሮ የጥቂት ገበያዎች ነጋዴዎች በኩባንያው መተግበሪያ እንዲሸጡ አደረገ። ገዢው በስልኩ ያዛል፤ ቦዳ ቦዳ የሚባለው የሞተር ብስክሌት ነጂም ዕቃውን ከደጁ ያደርስለታል። ለክፉ ቀን የተገኘ መልካም ዘዴ ነበር።

ይሁን እንጂ ኩባንያው የምግብ ማድረስ ሥራውን ከጊዜው የኢኮኖሚ ሁኔታ ጋር አይስማማም በማለት፣ ኡጋንዳን ጨምሮ በሚሠራባቸው አገሮች ሁሉ በታኅሣሥ 2023 መጨረሻ ዘጋ። ከዚያም ቀደም ብሎ፣ በጥር 2021፣ ፌስቡክ በኡጋንዳ በመንግሥት ትእዛዝ ስለ ተዘጋ፣ በዚያ ገጽ ላይ ይነግዱ የነበሩ ትንንሽ ሱቆች ከደንበኞቻቸው ጋር በቀላሉ መገናኘት ተስኗቸው ነበር። በሰው አዳራሽ መደብ የዘረጋ ነጋዴ፣ አዳራሹ በተዘጋ ቀን ምን ይዞ ይወጣል? የደንበኞቹ ስምና አድራሻ፣ ማን ምን እንደ ገዛ የሚያሳየው መዝገብ ሁሉ የሚቀረው በባለ አዳራሹ እጅ ነው።

ለዚህ ችግር አንዱ መፍትሔ ነጋዴው የራሱ የሆነ የድረ ገጽ ሱቅ እንዲኖረው ማድረግ ነው። ሶፍትዌሩን ከባዶ ተነሥቶ ማዘጋጀት ግን ለአንድ ቲማቲም ሻጭ ከዐቅም በላይ ነው። ምንጩ ክፍት የሆነ ሶፍትዌር የሚጠቅመው እዚህ ላይ ነው። ነገሩን በወጥ መመሰል ይቻላል። ምግብ ቤት የተሠራውን ወጥ ይሸጣል፤ አሠራሩን ግን አይናገርም። ባልትና ዐዋቂ እናት ግን ወጡን ከነአሠራሩ ትሰጣለች፤ ተቀባዩም በርበሬውን ቀንሶ ወይም ጨምሮ ይሠራዋል፤ ለጎረቤቱም ያሳያል። የሶፍትዌር አሠራር የሚጻፍበት ኮድ ይባላል። ኮድን የማንበብ፣ የማሻሻልና ለሌላ የማካፈል መብት ለተጠቃሚው ሁሉ እንዲሰጥ በ1983 እንቅስቃሴ የጀመረው አሜሪካዊው ሪቻርድ ስቶልማን ነው። በዚህ መንገድ ከተሠሩት የሱቅ ሶፍትዌሮች መካከል በ2000 በጀርመን አገር የተጀመረው ኦኤስኮሜርስና በ2011 የወጣው ዉኮሜርስ ይገኙባቸዋል።

እነዚህ ሶፍትዌሮች ብዙ ተግባር የሚያከናውኑ በመሆናቸው ለአንዲት ትንሽ ሱቅ ይከብዱ ይሆናል። የናካዋ ሱቅ ቀላል መሆን ይኖርበታል። ኡጋንዳ በሐምሌ 2018 በማኅበራዊ መገናኛዎች ላይ በቀን 200 ሽልንግ ግብር ጥላ ነበር፤ በሐምሌ 2021 ይህን ሽራ በኢንተርኔት ዳታ ላይ 12 በመቶ ቀረጥ ጣለች። ስለዚህ ገዢው አንድ ገጽ በከፈተ ቁጥር ከኪሱ ይከፍላል። አርባ ዐይነት ሸቀጥ ያላት ሱቅ በስልክ የተነሡ ባለ 3 ሜጋባይት ፎቶግራፎችን እንዳሉ ብትለጥፍ፣ ገዢው ሁሉንም ለማየት 120 ሜጋባይት ያወጣል። እያንዳንዱ ፎቶግራፍ ወደ 50 ኪሎባይት ቢቀነስ ግን 2 ሜጋባይት ብቻ ይበቃዋል። የሸቀጡ ዝርዝርና የትእዛዙ መዝገብም ኤስኪውላይት በተባለው፣ ሁሉን በአንድ ፋይል በሚያኖረው የመረጃ ቋት ሊያዝ ይችላል። ባለሱቋ ይህን ፋይል በየማታው ቀድታ ብታስቀምጥ፣ ሱቋን በኪሷ ይዛ ሄደች ማለት ነው።

ቀላል ማለት ግን ግድ የለሽ ማለት አይደለም። ከገዢው ስልክ የመጣ ዋጋ አይታመንም፤ ተንኮለኛ ሰው ገጹን ነካክቶ የ10,000 ሽልንጉን ሙዝ 100 ሽልንግ ሊያደርገው ይችላልና። ስለዚህ ሶፍትዌሩ ሒሳቡን ከራሱ መዝገብ እያየ መደመር አለበት። ሁለት ሰዎች የመጨረሻዋን የሙዝ ዘለላ በአንድ ጊዜ ቢያዙ፣ ለቀደመው ሰጥቶ ለሁለተኛው አልቋል ማለት አለበት። ክፍያም እንዲሁ ነው። ኤምቲኤን የተባለው የስልክ ኩባንያ በ2009 በኡጋንዳ ገንዘብን በስልክ የመላክ አገልግሎት ስለ ጀመረ፣ ባንክ ደርሶ የማያውቅ ሰው ሳይቀር መክፈል ይችላል። ዳሩ ግን ገዢው «ከፍያለሁ» ብሎ የሚያሳየው መልእክት ማስረጃ አይሆንም፤ ማስረጃው ራሱ ከስልክ ኩባንያው የሚመጣው ማረጋገጫ ነው።

ኮዱ በነጻ ተገኘ ማለት ሱቁ ያለወጪ ይኖራል ማለት አይደለም። የድረ ገጹ ስም በየዓመቱ ይታደሳል፤ ገጹ የሚያርፍበት ኮምፒዩተር ኪራይ ይከፈልበታል፤ ስሕተት ሲገኝም የሚያርመው ሰው ያስፈልጋል። በዚህ ረገድ ናካዋ የታደለች ናት። የኡጋንዳ የመረጃና የመገናኛ ቴክኖሎጂ ተቋም፣ በግቢው ያለው ብሔራዊ የፈጠራ ማዕከል፣ የማከሬሬ ዩኒቨርሲቲ የንግድ ትምህርት ቤትም በዚያው በናካዋ ይገኛሉ። ኮድ የሚማረው ወጣትና ሙዝ የምትሸጠው እናት የአንድ ሰፈር ሰዎች ናቸው።

ለ. የቃላት ፍቺ

ቸርቻሪ፦ ዕቃ በጅምላ ገዝቶ በጥቂት በጥቂቱ የሚሸጥ።
ባልትና፦ ምግብና መጠጥ የማዘጋጀት ሙያ።
የመረጃ ቋት፦ መረጃ በሥርዐት የሚቀመጥበት መዝገብ።

ሐ. መልመጃ

ምንባቡን መሠረት በማድረግ የሚከተሉትን ጥያቄዎች በሙሉ ዐረፍተ ነገር መልሱ።

1. ነጋዴዎች በ2020 በገበያው እንዲያድሩ የታዘዙት ለምንድን ነው?
2. «በሰው አዳራሽ መደብ የዘረጋ ነጋዴ» የሚለው አነጋገር እነማንን ያመለክታል?
3. ከገዢው ስልክ የመጣ ዋጋ የማይታመነው ስለ ምንድን ነው?
4. በአካባቢያችሁ ያለ አንድ ባለሱቅ ጠይቃችሁ፣ ዱቤውንና የደንበኞቹን ስም በምን እንደሚመዘግብ በአንድ አንቀጽ ጻፉ።