የወደብ ደለል በእርሻ መሬት ላይ ከመበተኑ በፊት

ደለል መሬትን እንደሚያዳብር ገበሬው ያውቃል። ሆኖም የፋብሪካ ፍሳሽ የሚገባበት ወንዝ ደለል በመልኩ ብቻ አይመዘንም።

በሆላንድ የሚገኘው የሮተርዳም ወደብ፣ የራይን ወንዝ የሚያመጣው ደለል በየጊዜው ካልተጠረገለት ትላልቅ መርከቦችን ማስገባት አይችልም። የተጠረገው ጭቃ ለብዙ ዓመታት በአካባቢው ዝቅተኛ መሬት ላይ ሲደፋ ኖሯል፤ ለም አፈርም ይመስል ነበር። ከፋብሪካዎች የወጡ ካድሚየም፣ እርሳስና ባዜቃ ከደቃቁ ሸክላ ጋር ተጣብቀው መውረዳቸው የታወቀው ቆይቶ ነው። እነዚህ ማዕድናት እንደ ፍግ አይበሰብሱም። ካድሚየም በተለይ በኮምጣጣ አፈር ላይ ወደ ሰላጣና ቆስጣ ቅጠል ይገባል፤ ተክሉ ጤነኛ መስሎ ሳለ የተመጋቢውን ኩላሊት ይጎዳል።

በ1987 እ.ኤ.አ. ስሉፍተር የተባለ ሰፊ ማጠራቀሚያ በባሕሩ ዳር ተሠርቶ የተበከለው ጭቃ ለብቻው መከማቸት ጀመረ። በእኛ አስተያየት ግን ከማጠራቀሚያው ይልቅ የጠቀመው ፋብሪካዎቹ ፍሳሻቸውን እንዲቀንሱ መደረጉ ነው፤ አለዚያ ጠረጋው ማብቂያ የለውም።

በአገራችንም የአዲስ አበባን የፋብሪካ ፍሳሽ ተሸክሞ በሚወርደው በአቃቂ ወንዝ ዳር አትክልት ይለማል። ማኅበራት ከቦይ የጠረጉትን ደለል በመደብ ላይ ከመበተናቸው በፊት የልማት ሠራተኛው ናሙና ወስዶ ለአፈር ላቦራቶሪ እንዲልክ እናሳስባለን። ውጤቱ እስኪታወቅ ጭቃው ከውኃ ጉድጓድ ርቆ ይቀመጥ። ኖራ መጨመር ካድሚየሙን ለጊዜው ይይዘዋል እንጂ ከአፈሩ አያስወጣውም።